ጋቢናውን ወደ ኋላ ማዞር፦ የኮምቦልቻ ጋራዥ ማስታወሻ

ቫኑ መርሴዲስ ስፕሪንተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2018 የተመረተው፣ 906 የሚባለው ዓይነት። የዕቃ መኪና ነበር። አሁን አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ የውኃ ታንከርና ምድጃ ገብቶለታል። ጋቢናውን ከኋላው የሚለየው ግድግዳም ተነስቷል። የቀሩት የፊት ወንበሮች ናቸው። መኪናው ሲቆም ሁለቱም ወደ ኋላ ዞረው ከጠረጴዛው ጋር እንዲገጥሙ እንፈልጋለን። ቫን ውስጥ ቦታ ውድ ነው። ሁለት ጥሩ ወንበር ሌሊቱን ሙሉ መስታወት ላይ አፍጦ የሚያድርበት ምክንያት የለም።

የምንሠራው ኮምቦልቻ፣ የአንድ መካኒክ ወዳጄ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ ነው፤ ግን ደሴ ደጃፍህ ላይ ብሎን ከጣልክ ብሎኑን የምታገኘው ታች ሰፈር ነው። ሜዳ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ሙቀቱም አለ፣ ምን ይደረጋል።

አንድ የታክሲ ባለንብረት ዘመዴ "አባዱላ ብትገዛ ኖሮ መለዋወጫው ደጅህ ነበር" ይለኛል። እውነቱን ነው። ነገር ግን አባዱላ የምንለው የቶዮታ ሃይኤስ ሞተሩ ያለው ጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ሞተሩን ለማየት ወንበሩን ነው የሚያነሱት። ጋቢና ተቀምጦ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ከሥሩ የሚወጣውን ወበቅ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ወንበር ላዙር ማለት ከሞተሩ ጋር መጣላት ነው። የስፕሪንተር ሞተር ፊት፣ ኮፈን ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ደግሞ የብረት ሳጥን ላይ ነው የተቀመጡት። ሥራው የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ወንበሮቹ

የምናስገባቸው ወንበሮች የስፕሪንተሩ አይደሉም። ከተጋጨ የቤት መኪና ላይ የተፈቱ ፓወር ሲት ናቸው። ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደላይና ወደታች በሞተር ይሄዳሉ፤ መደገፊያውም እንደዚያው። የተገኙት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የስፕሪንተሩ የሾፌር ወንበር በእጅ የሚስተካከል ነበር። ከጎኑ ያለው ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሆን አግዳሚ ነው። አግዳሚ አይዞርም። ስለዚህ የአንድ ሰው ወንበር የሚቀመጥበት ሳጥንም እዚያው ሶማሌ ተራ፣ ከሌላ ስፕሪንተር ላይ ተፈልጎ መጣ።

"በእጅ የሚስተካከለው ምን አለው?" ያላለኝ የለም። እኔና ባለቤቴ የምንነዳው ተራ በተራ ነው። ቁመታችን አይገናኝም። የእሷ ወገብ ደግሞ የላሊበላን መንገድ አስቀድሞ ያውቀዋል። ፓወር ሲት ለመዞሪያ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፤ እሱ የሾፌሩ ጎን ላይ ይመጣል።

ያገለገለ ወንበር ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልበል። ገልብጠህ ሥሩን እይ። ቢጫ ሶኬት ካለው የጎን ኤርባግ አለው ማለት ነው። የአንተ መኪና ኮምፒውተር ያንን ኤርባግ አያውቀውም። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ አይጠቅምህም፤ ያልፈነዳ ፈንጂ ጎንህ ላይ ይዘህ መዞር ብቻ ነው ትርፉ። ሻጩ "ይሠራል ወይ?" ብለህ ስትጠይቀው በቴስተር ሊለካልህ ከተነሳ እጁን ያዝ። ከቴስተር የሚወጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል። እኛ የመረጥነው ቢጫ ሶኬት የሌለውን ነው።

መዞሪያው ደረሰ

መዞሪያውን ያመጣው ከጀርመን ለእረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው። ሻንጣው ውስጥ ልብስ የነበረ አይመስለኝም። ፋብሪካ የሠራው፣ ለስፕሪንተር ሳጥን የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ የፀጉር ቤት ወንበር ሥር ያለውን ይመስላል፤ ብቻ ወፍራምና አጭር ነው። ሁለት የብረት ሳህን አለው። የታችኛው ከሳጥኑ ጋር ይታሰራል። የላይኛው ወንበሩን ይሸከማል። በመካከላቸው ትልቅ ክብ ኩሽኔታ አለ፤ መሀሉ ገመድ እንዲያልፍበት ክፍት ነው። ከፊት ያለው መያዣ ሲሳብ ፒኑ ከቀዳዳው ይወጣና ወንበሩ ይለቀቃል። ወንበሩ ዞሮ ቦታው ሲደርስ ሞላው ፒኑን ይገፋውና ይቆልፋል። የመዞሪያው እምብርት ከወንበሩ መሀል ትንሽ ሸሸት ያለ ነው። ያየው ሁሉ "ተበላሽቶ ነው የተሠራው" አለ። አይደለም። ወንበሩ ሲዞር ከበሩ ምሰሶ ወደ ውስጥ እንዲሸሽ ታስቦ ነው።

ቶርኖ ቤት ያሉት ሽማግሌ ሳህኑን ገልብጠው ገላብጠው አዩት። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

"ይኼንን ነው ባሕር ያሻገርከው?"

"አዎ አባባ።"

"እኔ እሠራልህ አልነበረም?"

ይሠሩት ነበር። በእጃቸው አልጠራጠርም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። የመቀመጫ ቀበቶው መቆለፊያ የታሰረው ወንበሩ ላይ ነው። መኪናው ሲጋጭ ሰውየውን የሚይዘው ቀበቶ ወንበሩን ይስባል፣ ወንበሩ መዞሪያውን ይስባል፣ መዞሪያው ሳጥኑን። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 14 ለትንንሽ መኪኖች የቀበቶ ማሰሪያ ፈተና ያወጣል። በትከሻው በኩል 13.5 ኪሎ ኒውተን፣ በወገቡም በኩል እንዲሁ፣ በአንድ ጊዜ ይሳባል። እያንዳንዱ ወደ 1.4 ቶን ይጠጋል። ማሰሪያው ወንበሩ ላይ ከሆነ ደግሞ የወንበሩ ክብደት 20 እጥፍ ይጨመርበታል። 30 ኪሎ የሚመዝን ወንበር 600 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ኩሽኔታውና ያቺ ፒን ናቸው። ፋብሪካው ይህን ስቦ አይቶታል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ ስበን የምናይበት መሣሪያ የለንም።

አባባ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ "እሺ፤ የሚሽከረከረው የነሱ ይሁን። የማይሽከረከረውን እኔ እሠራዋለሁ" አሉ። ስምምነታችን ይኼው ሆነ።

እግሩ እኩል አይደለም

የማይሽከረከረው ነገር የታሰበውን ያህል ትንሽ አልነበረም።

የቤት መኪና ወንበር ለጠፍጣፋ ነገር አልተሠራም። የመኪናው ወለል ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይላል፤ የወንበሩም እግሮች ያንን ተከትለው ነው የሚወጡት። ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው የኋላ እግሮቹ ነኩ፣ የፊቶቹ በ25 ሚሊ ተንጠለጠሉ። የቀዳዳዎቹም ርቀት ከመዞሪያው ቀዳዳዎች ጋር አይገጥምም። ወንበሩ ሰፋ ይላል።

በዚህ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ሮንዴላ መደርደር ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱን ነው። አስር ሮንዴላ ደርድረህ ረጅም ብሎን ብትሰድበት ለጊዜው ይይዛል። ነገር ግን መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ብሎኑ ይጎብጣል። የሮንዴላው ክምር ሲላላ ደግሞ ማን ያየዋል? ምንጣፍ ሥር ነው።

አባባ የሠሩት እንዲህ ነው። ከ8 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ርዝመት ተቆረጠ፤ ለእያንዳንዱ ሐዲድ አንድ። ብረቱ ከመዞሪያው ጋር በራሱ ብሎኖች ይታሰራል። ወንበሩ ደግሞ ከብረቱ ጋር። በዚህም የቀዳዳው ርቀት ጉዳይ ተፈታ። ለፊት እግሮቹ 25 ሚሊ ቁመት ያላቸው ድፍን ክብ ብረቶች በቶርኖ ተስተካክለው፣ መሀላቸው ተበስቶ፣ ከጠፍጣፋው ብረት ጋር ዙሪያቸውን ተበየዱ። ጫፋቸው በቶርኖ ስለተላገ እግሩ ሙሉ ለሙሉ ያርፍበታል።

መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ስለነበር ሥራው ወደ ማግስቱ ተንከባለለ። አባባ "አብሽር፣ ብረት አይሻግትም" ብለው ቡና አስፈሉ።

የብየዳው ሙቀት ብረቱን ትንሽ ያጣምመዋል። ስለዚህ ከተበየደ በኋላ በስኳድራና በሜትር እንደገና ተለካ። ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ አራት ማዕዘኑ ልክ ነው። በእጅ በሚገፋ ወንበር ላይ ሁለት ሚሊ ቢሳሳት ምናልባት ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይሄዳል። ፓወር ሲት ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሞተር ሁለቱን ሐዲድ በአንድ ተጣጣፊ ዘንግ ነው የሚያዞራቸው። ሐዲዶቹ ትይዩ ካልሆኑ ወንበሩ መሀል መንገድ ላይ ይጨንቀዋል። ድምፁ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ጥርሱ ይበላል። ስለዚህ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ከመኪና ባትሪ ገመድ ስበን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድነው። ድምፁ አልተለወጠም።

ብሎን ፍለጋ

ኮምቦልቻም ደሴም ብሎን ሞልቷል። ችግሩ ጭንቅላቱ ላይ ምንም ያልተጻፈበት መሆኑ ነው። የምፈልገው 8.8 የሚል ነው። የመጀመሪያው 8 ብረቱ የሚበጠስበትን ጉልበት ይናገራል፤ 800 ሜጋ ፓስካል። ሁለተኛው 8 ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው እስኪደርስ ብረቱ ቢለጠጥም ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት ነው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። አንዱ ሱቅ "ወላሂ ጠንካራ ነው፣ ለሲኖትራክ ነው የምንሸጠው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቁጥሩን ነው የምፈልገው። ኋላ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ላይ ተገኘ። ኤም 10 (10 ሚሊ ውፍረት)፣ 8.8፣ ከውስጡ ፕላስቲክ ቀለበት ካለው ዳዶ ጋር።

የቀበቶው መቆለፊያ ብሎን ግን ሌላ ዓለም ነው። የቤት መኪናው ወንበር የራሱ መቆለፊያ ነበረው። የስፕሪንተሩ ቀበቶ ምላስ አይገባበትም፤ ስፋቱ የተለያየ ነው። ገባ ቢልም አላምነውም ነበር። ስለዚህ የስፕሪንተሩን መቆለፊያ ፈትተን ወደ አዲሱ ወንበር አዛወርን። ብሎኑን ለመቀየር ሚሊ ብሎን ይዞ የሚመጣ ሰው ይቸገራል። የቀበቶ ብሎን በኢንች ነው፤ 7/16፣ ጥርሱ በኢንች 20። በሚሊ 11.1 ይሆናል። 10 ይላወሳል፣ 12 አይገባም። መፍትሔው የድሮውን ብሎን አለመጣል ነው።

ገመዱ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንበር ማዞር ማንም ያዞራል። የሚዞር ነገር ውስጥ ገመድ አሳልፎ ሳይቆረጥ ማኖር ነው ጣጣው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ የተማረ። ባትሪውን ሳይፈታ ምንም አይነካም። ወድጄዋለሁ። የስፕሪንተሩ ባትሪ በሾፌሩ እግር ሥር፣ ወለሉ ውስጥ ነው። ምንጣፉ ይነሳል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ማሳው (ኔጌቲቩ) ይፈታል።

ከወንበሩ ሥር የሚወጡት ወፍራም ገመዶች ቀይና ጥቁር ናቸው። ቀጫጭኖቹ ከጎን ካሉት ቁልፎች ወደ ሞተሮቹ የሚሄዱ ስለሆኑ አይነኩም። ከባትሪው 4 ሚሊ ካሬ ገመድ ሳብን። ፊውዙ 30 አምፔር ነው፤ የተቀመጠውም ባትሪው አጠገብ። ፊውዝ ወንበሩ ጋ ቢቀመጥ ገመዱ መሀል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ማንም አያቋርጠውም፤ እሳት ነው የሚሆነው። ሞተሮቹ የሚሠሩት ለሴኮንዶች ስለሆነ ባትሪውን አይጎዱም። የወንበሩን ማሞቂያ ግን ለጊዜው ሳናገናኝ ተውነው። ለደሴ ሌሊት ያምራል። ግን ረስተኸው ካደረ ጠዋት መኪናው አይነሳም፤ ስለዚህ ሪሌ ተደርጎለት የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲሠራ እናደርገዋለን።

ገመዱ ከሳጥኑ ተነስቶ በመዞሪያው መሀል ወደ ላይ ይወጣል። የብረቱ ጠርዝ እንዳይበላው ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ገባ። ገመዱ በተሸበሸበ ፕላስቲክ ቱቦ ተሸፈነ። ከዚያ ሁለት ቦታ ታሰረ፤ አንዱ ከታች ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱ ከላይ የወንበሩ ብረት ላይ። በሁለቱ መሀል ልቅ የሆነ ቀለበት ቀረ። ወንበሩ ሲዞር የሚጠማዘዘው ያ ልቅ ክፍል ብቻ ነው። ርዝመቱን የለካነው ወንበሩ ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሐዲዱም እስከ መጨረሻው ሄዶ ነው። ገመዱ በጣም የሚሳበው በዚያ ጊዜ ነው። ወንበሩ በሄደበት በኩል ነው መመለስ ያለበት። ዙሪያውን ደጋግሞ ቢዞር ገመዱ ይጠመጠማል። ስለዚህ የታችኛው ሳህን ላይ አንዲት ማቆሚያ ብሎን ገብታለች፤ ግማሽ ዙር ከሄደ በኋላ ትይዘዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ተገኘ። ወንበሩን ወደታች የሚያወርደው ሞተር ሲወርድ የመዞሪያውን መያዣ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጣት አይገባም። መያዣው በብየዳ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ስለነበር ወደ ታች ጎንበስ ተደረገ። ወንበሩን የሞከረ ሁሉ ከፍ አድርጎ ነው የሚሞክረው። ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው ቁም ነገሩ።

መታሰር

ፓወር ሲት ሲታሰር ቅደም ተከተል አለው። የፊት ብሎኖች የሚገኙት ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ የኋላዎቹ ወደ ፊት ሲሄድ። ኤሌክትሪክ ከሌለ ወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ገመዱ አስቀድሞ መገናኘት አለበት። ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ገቡ። ወንበሩ ወደፊት ሄደ፣ የኋላዎቹ ጠበቁ። ወደ ኋላ መጣ፣ የፊቶቹ ጠበቁ። ከዚያ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ፤ ለኤም 10 ወደ 45 ኒውተን ሜትር፣ ሳጥኑን ለሚይዙት ኤም 8 ደግሞ 25። መካኒኩ ወዳጄ በእጁ ነው የሚያምነው፤ "እኔ ስስበው አውቀዋለሁ" ይላል። ሳበው። ከዚያ መለኪያውን ስናስገባ ኤም 8ቱ ላይ ከሚገባው አልፎ ነበር። ሳቅንበት። ያ ብሎን ተቀየረ።

በየዳዶው ላይ ነጭ ቀለም መስመር ተሰመረ። ከዳዶው ወደ ሳህኑ የሚሻገር። ዳዶው ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይሰበራል፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሐረጎ

መሞከሪያው ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። በመሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ያለውም እዚያ ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ላላ ያለ ነገር ካለ ሐረጎ ያወጣዋል።

መካኒኩ ነዳ፤ የድሮው የሾፌር ወንበር ገና ቦታው ላይ ነው። እኔ ከጎኑ፣ አዲሱ ላይ ተቀመጥኩ። ኩርባው ላይ ወንበሩ ወደ ጎን ሲገፋ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አንዴ ቀጭ። ደሴ ላይ ቆመን ሥሩን አየን። መስመሮቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው፤ ብሎን አልተላወሰም። ድምፁ የሚመጣው ከመቆለፊያው ፒን ነው። ፒኑና ቀዳዳው መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከሌለ አይገባም፤ ሲበዛ ደግሞ ይንኳኳል። የፒኑ ቀዳዳ ያለበት ትንሽዬ ብረት ብሎኖቹ ላላ ተደርገው ወደ ፊት ተገፋችና ጠበቀች። ኩሽኔታው ላይ ግራሶ ተጨመረ። ስንመለስ ዝም አለ። ለማረጋገጥ መኪና የተጨናነቀበትን የኮምቦልቻ መግቢያ ትተን በጠጠሩ በኩል አለፍን።

የሾፌሩ ጎን

ስፕሪንተሩ ላይ የእጅ ፍሬኑ ያለው በሾፌሩ ወንበርና በበሩ መካከል ነው። ፍሬኑ ሲሳብ ዘንጉ ቀና ይላል። ወንበሩ ሲዞር ከእሱ ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ፍሬኑን አውርዶ ወንበሩን ማዞር ነው። ሜዳ አገር ያለ ሰው ያድርገው። ደሴ ላይ የእጅ ፍሬን ፈትተህ ቡና ልትጠጣ ወደ ኋላ ዞርክ ማለት ቡናውን የምትጨርሰው ሌላ ቀበሌ ነው።

ፓወር ሲቱ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩ በሞተር እስከ መጨረሻው ከፍ ሲል የታችኛው ጠርዙ ከፍሬኑ ዘንግ በላይ ያልፋል። ሲያልፍ ወደ ሁለት ሴንቲ ይተርፈዋል። በሩ መከፈት አለበት፣ መሪውም ከፍ ማለት አለበት። ከዞረ በኋላ ወንበሩ ዝቅ ይደረጋል፤ እግር መሬት እንዲነካ። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ይቀራል። በዚያ ላይ ታኮ ጎማው ሥር ይገባል፤ የታክሲ ረዳት የሚያደርገውን እኛም ብናደርግ አናፍርም።

በሾፌሩ ሳጥን ውስጥ የፊውዝ ሳጥንም አለ። ስለዚህ አዲሱ ገመድ ከእሱ ርቆ በሌላው ጎን ነው የወጣው። የቀረው ከጎኑ ካለው ወንበር ጋር አንድ ነው፤ ያው ጠፍጣፋ ብረት፣ ያው ብሎን፣ ያው ነጭ መስመር።

ባለቤቴ መጥታ ሞከረችው። ዞራ ተቀመጠችና ዝቅ አደረገችው። "የወንበሩ ቁልፍ አሁን በመተላለፊያው በኩል ነው፤ ልጆቹ ሲያልፉ ይነኩታል" አለች። ልክ ናት። ወንበሩ ሲዞር በሩ ጋ የነበረው ጎን ወደ ውስጥ ይመጣል፣ ቁልፎቹም አብረው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለቱንም ወንበር የሚያጠፋ አንድ ማጥፊያ ክሩስኮቱ ላይ ያስገባል። ገመዱ ተስቧል።

አሁን የቀረው የቀበቶ ማስጠንቀቂያ መብራት ነው፤ መቆለፊያው ውስጥ ያለችው ቀጭን ገመድ በአዲሱ መንገድ ገና አልተዘረጋችም። የሳጥኖቹ መሸፈኛ ላሜራም ተቆርጦ አባባ ጋ ነው፤ ቀለም እየጠበቀ።